ሶኬት ላይ የሚሰካ የካርቦን ሞኖክሳይድ ዲቴክተር፦ መብራት በሚጠፋበት ቤት የትኛው ይሻላል?

ወለላ (ደብረ ማርቆስ)

ጤና ይስጥልኝ። ሶኬት ላይ ስለሚሰካው የካርቦን ሞኖክሳይድ ዲቴክተር፣ ማለትም ከከሰል የሚወጣውን የማይታይና የማይሸት መርዛማ ጋዝ ሲያገኝ ስለሚጮኸው ዕቃ፣ የሚያውቅ ሰው ምክር ፈልጌ ነው። ቤታችን ሁለት ክፍል ብሎኬት ነው፤ መስኮቱ ባለመስታወት ብረት፣ ጣሪያው ኮርኒስ። ቡና የሚፈላው በከሰል ነው፤ በክረምት ደግሞ ማታ ማንደጃው ቤት ይገባል። በቅርቡ አራስ ስለሚኖረን የከሰሉ ነገር አሳስቦኛል። አሜሪካ ያለችው እህቴ «እዚህ በየሱቁ ሞልቷል፣ ልላክልሽ» ብላለች።

የአሜሪካው እዚህ ሶኬት ላይ ይሠራል ወይ? መብራት ሲጠፋስ? ሶኬቱ ወለል አጠገብ ስለሆነ እዚያ መሰካቱ ችግር የለውም? ቡና በተፈላ ቁጥር የሚጮህ ከሆነስ ምን ይደረጋል? አንድ ያገለገለም ተሰጥቶናል፤ ጀርባው ላይ 2018 ይላል። የዘንድሮ ነው ማለት ነው?


ሽቦና ፊውዝ (ባሕር ዳር)

ወለላ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። 2018 የሚለው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በእኛ 2010 ወይም 2011 ዓ.ም. የተሠራ ዕቃ ነው ማለት ነው። ውስጡ ያለው ሴንሰር ኤሌክትሮኬሚካል የሚባለው ዓይነት ሲሆን ጋዙን የሚለየው በውስጡ ባለ ኬሚካል ነው፤ ብትጠቀሙበትም ባትጠቀሙበትም ዓመት በጨመረ ቁጥር ይደክማል። አምራቾቹ የሚሰጡት ዕድሜ እንደ ሞዴሉ 5፣ 7 ወይም 10 ዓመት ነው። ጀርባው ላይ ከተሠራበት ቀን ሌላ «በዚህ ጊዜ ይተካ» የሚል ቀን ካለ እሱን ተመልከቺ፤ እሱም በፈረንጅ ነው። አረንጓዴ መብራቱ መብራቱና ሲነኩት መጮሁ አያታልልሽ። «ቴስት» የሚለው ቁልፍ በአብዛኛው የሚፈትሸው ባትሪውን፣ ድምፅ ማጉያውንና ቦርዱን ነው። ሴንሰሩ ሞቶም ቴስቱ ሊጮህ ይችላል።

አሁን ወደ አሜሪካው። ሶኬት ላይ የሚሰካው የአሜሪካ ዲቴክተር ጀርባው ላይ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ብሎ ይጽፋል። የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የመሰኪያውን ቅርጽ ብቻ የሚቀይረው አዳፕተር ቮልት አይቀንስም፤ በእሱ ሰክታችሁ ካበራችሁት ወዲያው ይቃጠላል። ማውረጃ ትራንስፎርመር ገዝተን ብንሰካውስ ለሚል ደግሞ፣ ትራንስፎርመሩ ሌት ተቀን እየሞቀ መቀመጥ አለበት፤ መብራት ሲጠፋም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ለእህትሽ የምትነግሪያት እንዲህ ነው፦ ጀርባው ላይ «120» ብቻ የሚለውን አትግዢ። ከ100 እስከ 240 የሚል፣ ወይም ከእንግሊዝና ከአውሮፓ የሚመጣ 220–240 የሚል፣ ወይም በስልክ ቻርጀር ገመድ በ5 ቮልት የሚሠራ፣ ወይም ከነጭራሹ ሶኬት የማይፈልግ ባለባትሪ ይሁን።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። እኛ አገር ከሰል ወደ ቤት የሚገባው ብዙውን ጊዜ መብራት ሲጠፋ ነው። ምጣዱም ምድጃውም ሲቆም ማንደጃው ይቀጣጠላል፤ ጀነሬተር ያለውም ያን ጊዜ ነው በረንዳ ላይ የሚያስነሳው። መጠባበቂያ ባትሪ የሌለው ተሰኪ ዲቴክተር ደግሞ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሞታል። አደጋው በመጣበት ሰዓት የማይሠራ ዕቃ ማለት ነው። ስለዚህ ባለሶኬት ከገዛችሁ መጠባበቂያ ባትሪ ያለው መሆኑን ካርቶኑ ላይ ሳታረጋግጡ አትግዙ። እንደ ሞዴሉ ባለ 9 ቮልት ባለአራት ማዕዘን ባትሪ ወይም ሁለትና ሦስት የሪሞት ባትሪ ይወስዳል። መጠባበቂያው የሚያቆየው ጊዜም ይለያያል፤ የአንዳንዱ ሰዓታት ብቻ ነው። መመሪያው ላይ ፈልጉት። መብራት አንዴ ሲጠፋ ቀንና ሁለት ቀን በሚቆይበት ሰፈር እኔ የምመክረው ታሽጎ የሚመጣ የ10 ዓመት ሊቲየም ባትሪ ያለውን ነው። ሶኬት አይፈልግም፣ ባትሪ ቀይሩኝ አይልም፣ ከክፍል ወደ ክፍል ይዘዋወራል። ሰው ይዞት ከመጣ በእጅ ሻንጣ ያድርገው።

የሪሞት ባትሪ የሚወስድ ከሆነ ከኪዮስክ የሚገዛውን ርካሹን ካርቦን ዚንክ አታስገቡ። ቶሎ ይደክማል፣ ሲያልቅ ደግሞ ያፈሳል፣ ያፈሰሰው የመገናኛውን ሽቦ ይበላዋል። «አልካላይን» የሚለውን ግዙ፤ ሁሉንም በአንድ ቀን ቀይሩ፤ አዲስና አሮጌ አታቀላቅሉ።

መሰካቱን በተመለከተ፦ የቤታችን ሶኬት ሁለት ክብ ቀዳዳ ነው። የእንግሊዙ ዕቃ ባለሦስት ጠፍጣፋ እግር ስለሆነ አዳፕተር ይፈልጋል። ዲቴክተሩ ከበድ ስለሚል ላላ ያለ አዳፕተር ላይ ይንጠለጠልና ይነካል፣ ይለቃል፣ ይነካል። በማብሪያ ማጥፊያ የሚጠፋ ሶኬት ላይም አይሰካ፤ አንድ ሰው ማታ መብራት አጠፋሁ ብሎ እሱንም ያጠፋዋል። ሁሉንም መሰኪያ የሚቀበለው ርካሽ ዲቫይደርም አይሆንም፤ ቀዳዳው ስለሚሰፋ መያዣው የላላ ነው። ሌላው፣ መብራት ተመልሶ ሲመጣ ቮልቱ ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላል፤ የሚያቃጥለውም ፍሪጁን ብቻ አይደለም። ለቴሌቪዥን ስታቢላይዘር ካላችሁና ቦታው ከተስማማ ከዚያ ላይ ስኩት። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር አረንጓዴው መብራት መኖሩን ማየት ልማድ ይሁን።


ነርስ ዘፍኖተ ሰላም

ከቦታው ልጀምር፣ ከዚያ ወደ አራሷ እሄዳለሁ።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ከአየር የሚቀለው በጣም በጥቂቱ ነው፤ ክብደቱ ከአየር 0.97 እጅ ነው። ስለዚህ ወደ ኮርኒስ ብቻ አይወጣም፣ ወለልም ላይ ብቻ አይተኛም፤ ከክፍሉ አየር ጋር ይቀላቀላል። ሶኬት ላይ የሚሰካ ሞዴል ከወለል 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢሆን በቁመቱ ምክንያት አይከፋም። የሚከፋው የእኛ ሶኬት ያለበት ቦታ ነው፦ ከአልጋ ራስጌ ጀርባ፣ ከሶፋ ጀርባ፣ ከቁም ሣጥን ጎን፣ ከመጋረጃ ሥር። እዚያ አየር አይዘዋወርም፤ ክፍሉ ውስጥ ጋዙ ሲበዛ ሶፋው ጀርባ ገና ላይደርስ ይችላል። ሰው የሚተኛበት ክፍል ውስጥ፣ ከተኛው ሰው አፍንጫ ቁመት ጋር በሚቀራረብ ግልጥ ቦታ ይሁን። ከማንደጃው ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል፣ ቢቻል ሦስት ሜትር ይራቅ፤ ከመስኮትና ከበር አፍም ይራቅ፤ ሻወር ቤትና የውሃ እንፋሎት ያለበት አይሁን። አንድ ብቻ ከሆነ ያላችሁ መኝታ ክፍል ነው ቦታው፤ ሳሎን አይደለም። ነቅቶ ያለ ሰው ራሱን ሲያመው ይወጣል፣ የተኛ ሰው ግን አይነቃም።

አንድ የማሳስባችሁ ነገር አለ። አዲስ ዕቃ ስንገዛ የሚሸፍነውን ላስቲክ አንነሣም፤ ቴሌቪዥኑም ፍሪጁም ከነላስቲኩ ዓመት ይቆያል፣ ከላዩም ዳንቴል ይለብሳል። ዲቴክተር ላይ ይህ አይሆንም። ፊቱ ላይ ያሉት ቀጫጭን ቀዳዳዎች የሚተነፍስባቸው ናቸው። ላስቲኩን ላጡት፣ ዳንቴል አታልብሱት፣ በወር አንዴ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን አንሡለት። በረኪና፣ የትንኝና የበረሮ መርጫ፣ ቀለም፣ ሽቶ አጠገቡ አይረጭ።

ቁጥሩን በተመለከተ፦ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ፒፒኤም ነው፤ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ ስንቱ ካርቦን ሞኖክሳይድ እንደሆነ ይነግራል። የአሜሪካው ደረጃ ዩኤል 2034 ይባላል፤ የአውሮፓው ኢኤን 50291። በአሜሪካው መሠረት 70 ፒፒኤም ላይ ከ1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ውስጥ፣ 150 ላይ ከ10 እስከ 50 ደቂቃ፣ 400 ላይ ከ4 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ መጮህ አለበት። የአውሮፓው ጠበቅ ይላል፦ 50 ላይ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ፣ 100 ላይ ከ10 እስከ 40 ደቂቃ፣ 300 ላይ በ3 ደቂቃ ውስጥ። ሁለቱም ለጤነኛ አዋቂ ሰው ተብሎ የተቆረጠ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ጣሪያ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው፦ ለ1 ሰዓት 30 ፒፒኤም ገደማ፣ ለ8 ሰዓት ወደ 9 ፒፒኤም። ስለዚህ «አልጮኸም» ማለት «አየሩ ንጹሕ ነው» ማለት አይደለም። የአሜሪካዎቹ ብዙዎቹ ደግሞ ከ30 በታች ያለውን 0 አድርገው ነው የሚያሳዩት። ከሰል በየቀኑ በሚገባበት ቤት ቁጥር የሚያሳይ ስክሪን ያለው ይሻላል የምለው ለዚህ ነው፤ ሳይጮህ 40 እና 50 ላይ ሲቆም ታዩታላችሁ፣ ማንደጃውን ታወጣላችሁ።

አራሷ ዘንድ ስንመጣ እለምናችኋለሁ፣ ማንደጃው ክፍሉ ውስጥ አይግባ። አራስ ቤት እንዴት እንደሚያዝ ሁላችንም እናውቃለን፦ ብርድ እንዳይመታት መስኮት ይዘጋል፣ የበሩ ሥር በጨርቅ ይወተፋል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ከሰሉ ሌሊቱን ሁሉ ይታደሳል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሄሞግሎቢን ላይ የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ነው። ሕፃን ደግሞ ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ራሴን አመመኝ አይልም። ያላረገዘች እናትና ነፍሰ ጡር እኩል አይደሉም፤ ፅንሱ የያዘውን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚለቀው ከእናቱ ዘግይቶ ነው። ቤቱ መሞቅ ካለበት ከሰሉ ውጭ ነዶ፣ ውሃ ፈልቶ፣ ጎማ የውሃ ከረጢት ወይም ፕላስቲክ ጠርሙስ በፎጣ ተጠቅልሎ በእናትየዋ ጎን ይግባ፤ ሕፃኑ ገላ ላይ ግን አይነካ። አልጋው ላይ አንድ ጋቢ ይጨመር።

ሕመሙ የሚጀምረው በራስ ምታት፣ በማዞር፣ በማቅለሽለሽ፣ በጉልበት መክዳት ነው። ሰው ጠዋት እንዲህ ሆኖ ሲነሣ «ምች መታኝ» ይልና ዳማከሴ ይታሻል፣ ተመልሶ እዚያው ክፍል ይተኛል። መለያው ይህ ነው፦ ትኩሳት የለውም፤ አንድ ክፍል ያደሩት ሁሉ አብረው ያማቸዋል፤ ከቤት ሲወጡ ይሻላቸዋል፣ ሲመለሱ ይብሳል። ዶሮውም ድመቷም እዚያ ካደሩ ይደክማሉ።

ሲጮህ ማንንም ሳትጠይቁ ሁሉም ሰው ይውጣ፣ በሩ ክፍት ይተው። ሕፃንና የተኛ ሰው በቅድሚያ። ማንደጃውን ለማውጣት ብላችሁ ወደ ውስጥ አትመለሱ፤ ጉልበት የሚከዳው እዚያው ጎንበስ ባላችሁበት ነው። የደከመ ወይም ያልነቃ ሰው ካለ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራ። ወተት አታጠጡ፤ ለዚህ መድኃኒት አይደለም፣ ራሱን ያላወቀ ሰው ደግሞ ሳንባው ይገባል። ሆስፒታል ስትደርሱ የመጀመሪያው ቃላችሁ «ከሰል የነደደበት ክፍል ነው ያደረው» ይሁን። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘውን ደም ከጤነኛው አይለይም፤ 97 እና 98 ብሎ ያሳያል። ካልነገራችሁ ባለሙያውም ሊዘናጋ ይችላል። ዝም ብሎ ንጹሕ አየር የሚተነፍስ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈልጋል፤ በማስክ ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጠው ግን አንድ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። «አሁን ተሽሎኛል» ቢልም ይሂድ። የመርሳት፣ የመወላገድ ወይም የጠባይ መለወጥ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ የሚመጣበት አለና ያን ጊዜም ተመልሶ ይታይ።


አገው ምድር (እንጅባራ)

በሁለቱም እስማማለሁ፤ የከሰሉ ነገር ግን ሳይነካ አልፏል። እኛ አካባቢ ዲከረንስ ከሚባለው ዛፍ የሚከሰለው ወደ ከተማ በብዛት ይወጣል፤ ሰው «የዲከረንስ ከሰል ጭስ የለውም፣ ችግር የለውም» ይላል። የግራሩም የዲከረንሱም ያው ነው። ጭሱ የሚጠፋው ያልከሰለው እንጨት ስላለቀ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱ የሚመጣው ደግሞ ከቀላው ፍም ነው፣ አይታይም አይሸትም። ፍሙ ላይ አመድ አልብሶ እንዲቆይ ሲደረግ አየር ስለሚያጥረው ከሚወጣው ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይዱ ድርሻ ይጨምራል። ማታ «ጭሱ አልቋል፣ አሁን ይግባ» ተብሎ የሚገባው ማንደጃ ነው እንግዲህ ሌሊቱን የሚገድለው።

ምን ያህል ከሰል ይበቃል ለሚል ሒሳቡ ይኸው። 4 ሜትር በ4 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር ተኩል የሆነ ክፍል 40 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናትና አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ እዚያ ያንን ክፍል 400 ፒፒኤም ለማድረስ 14 ግራም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይበቃል። አንድ ኪሎ ከሰል በተለመደው ማንደጃ ሲነድ ከ100 ግራም በላይ ያወጣል። ስለዚህ በሩና መስኮቱ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ከ150 ግራም ያልበለጠ ከሰል፣ ማለትም ሁለት እፍኝ የማይሞላ፣ እዚያ ያደርሰዋል። ለአንድ ቡና ከምንጨምረው ያንሳል። ጎጆ ቤትና የጭቃ ቤት በክዳኑም በግድግዳውም ትንሽ ይተነፍሳል፤ የዛሬው ብሎኬትና ኮርኒስ ግን ጥርቅም ያለ ነው። የደጋ ሰው ሰውነት ቀድሞውንም ባነሰ ኦክስጅን የሚሠራ መሆኑም ይጨመርበት።

ሰርቪስ ቤት የምትከራዩ ደግሞ እናንተ ከሰል ባታስገቡም ዲቴክተር ያስፈልጋችኋል። የክፍሎቹ ማካፈያ ግድግዳ ብዙ ጊዜ ኮርኒሱ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ በላይ ያለው የቆርቆሮ ሥር ክፍት ነው። ከጎረቤት ክፍል የተነሣው በዚያ በኩል ያልፋል።

ስለ ሐሰተኛ ጩኸት ጠይቀሻል። ቡና ሲፈላ ከጮኸ አብዛኛውን ጊዜ ሐሰት አይደለም፤ ክፍሉ ውስጥ ከሰል አለ፣ ቁጥሩም እውነት ነው። ጀበናውን ወደ በረንዳ ማውጣት እንጂ ዲቴክተሩን መንቀል አይደለም መፍትሔው። በእውነት የሚያሳስቱት እነዚህ ናቸው፦ አረቄ የሚወጣበት ቤት የአልኮል እንፋሎቱ ሴንሰሩን ሊነካው ይችላል (ምንም እንኳ ሥሩ የሚነደው እንጨት ራሱ በቂ ምክንያት ቢሆን)፤ የመኪና ወይም የሶላር ባትሪ መኝታ ቤት ውስጥ ቻርጅ ሲደረግ የሚወጣው ሃይድሮጅን ለሴንሰሩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይመስለዋል፤ ሳኒታይዘርና ስፕሬይም እንዲሁ። ቢሆንም መጀመሪያ ይወጣል፣ ምክንያቱ ከውጭ ሆኖ ይፈለጋል። የጠላ ጋን ሲፈላ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ሌላ ጋዝ ስለሆነ ይህ ዕቃ አያየውም። ከሲሊንደር የሚያፈስ ጋዝም አያይም፤ ለዚያ የጋዝ ሊክ ዲቴክተር የሚባል ሌላ አለ፣ የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ እሱ ወለል አጠገብ ነው የሚደረገው።


ወለላ (ደብረ ማርቆስ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ሁለት ነገር ቀረኝ። እዚህም ስም የሌለው ርካሽ ዲቴክተር ሱቅ ላይ ይታያል፤ ሴንሰሩ የእውነት መሥራቱን በምን አውቃለሁ? ከሰሉ ላይ ብይዘውስ? ሌላው፣ ባለቤቴ «መስኮት ገርበብ ካደረግን ለምን ገንዘብ እናወጣለን» ይላል።


አገው ምድር (እንጅባራ)

ከሰል ላይ አትያዢው፤ ሙቀቱና ጥቀርሻው ያበላሸዋል። በሰንደል መፈተሽ ይቻላል፣ ውጭ በረንዳ ላይ ብቻ። ክዳን ያለው ባለ 20 ሊትር ባልዲ ውሰጂ፣ በደንብ ደርቆ። ዲቴክተሩን በመጠባበቂያ ባትሪው አብሪውና፣ እስኪነቃ መመሪያው የሚለውን ያህል ደቂቃ ጠብቂ። ባልዲው ሥር በአንድ ወገን አስቀምጪው። ሰንደሉን ለኩሰሽ ነበልባሉን እፍ በይ፣ ጫፉ ብቻ እየጨሰ በሌላው ወገን ጠርሙስ ክዳን ላይ በጭቃ ወይም በሊጥ አቁሚው፣ ፕላስቲኩን እንዳይነካ። ክዳኑን ግጠሚ። ከሁለት ወይም ከሦስት ደቂቃ በኋላ ሰንደሉን አውጪና ባልዲውን መልሰሽ ክደኚ። ቁጥር ያለው ከሆነ መውጣት ይጀምራል፤ ቁጥር የሌለውን እስከ 15 ደቂቃ ጠብቂው፣ ደረጃው ራሱ ጊዜ ይሰጠዋልና ቶሎ አልጮኸም ብለሽ ተስፋ አትቁረጪ። ሩብ ሰዓት ሙሉ ዝም ካለና ቁጥሩም 0 ላይ ከቆመ ለባለሱቁ መልሺለት። ክዳኑን ስትከፍቺ ፊትሽን አታስጠጊ። ይህ ሴንሰሩ በሕይወት መኖሩን እንጂ ልኩን አያሳይም፤ የሰንደሉ ጭስም ስለሚያቆሽሸው ሲገዛ አንዴ እንጂ በየሳምንቱ አይደረግም።


ሽቦና ፊውዝ (ባሕር ዳር)

ከመፈተሹም በፊት ካርቶኑን አንብቢ። «ኤሌክትሮኬሚካል» የሚል ቃልና ከሁለቱ ደረጃዎች አንዱ ቁጥሩ (2034 ወይም 50291) ከሌለበት አትግዢው። ብዙ ሰው «ስሞክ ዲቴክተር» የሚለውን ገዝቶ ይሄዳል፤ እሱ የእሳት ጭስ ነው የሚያየው፣ ጭስ በሌለው ፍም ላይ ዝም ይላል። ሁለቱን አጣምሮ የሚይዝ አለ፤ ካርቶኑ ላይ ሁለቱም መጻፍ አለባቸው።

ለባለቤትሽ፦ ልክ ነው፣ አየር ይቀድማል። ዲቴክተር የሚያወጣው ድምፅ ነው እንጂ ንጹሕ አየር አይደለም፤ ሳይተኙ ማንደጃውን ማውጣቱን የሚተካ ዕቃ የለም። ነገር ግን ገርበብ ያለ መስኮት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። አየር እንዲያልፍ መግቢያና መውጫ ይፈልጋል፦ በሩ አንድ ጋት ያህል ተከፍቶ ከፊት ለፊቱ ያለው መስኮትም ሲከፈት ነው የሚነፍሰው። አንድ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ምንም አይንቀሳቀስም፤ ከጮቄ ተራራ በኩል ብርዱ ሲመጣ ደግሞ ከተኙት አንዱ ተነሥቶ ይዘጋዋል። ሳህን ላይ ውሃ ማስቀመጥም የሚረዳ ነገር የለውም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው እዚህ ግባ በማይባል መጠን ነው።

ድምፁን ቤተሰቡ ሁሉ ይወቀው። አራት ጊዜ ተከታትሎ ጮኾ፣ ጥቂት ቆም ብሎ፣ ደግሞ አራት ጊዜ ከጮኸ ጋዝ ነው፣ ውጡ ማለት ነው። በ30 ሰከንድ ወይም በደቂቃ አንድ ጊዜ ብቻ «ጭው» የሚል ከሆነ ባትሪው አልቋል ወይም ዕድሜው አብቅቷል። ስክሪን ያለው «ኢአርአር» (ERR) ወይም «ኢኤንዲ» (END) ብሎ በእንግሊዝኛ ፊደል ይጽፋል፤ ባትሪ ቀይረሽለትም ይኸው ከቀጠለ ባትሪው አይደለም ችግሩ። ቴስቱን በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሁሉም ሰው ባለበት ተጫኑት፤ ልጆቹም ድምፁን ይለዩታል። ድምፅ ለማጥፋት የሚነካው ቁልፍ ጩኸቱን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚያቆመው። ጋዙ ካልወጣ እንደገና ይጮሃል፤ ያን ጊዜ ባትሪውን አውጥቶ መተኛት የለም።

የ2018ቱን አሮጌ ግን የመተኪያ ቀኑ ካለፈ፣ ጎረቤት እንዳይወስደውና እንዳይተማመንበት ባትሪውን አውጥተሽ፣ ፊቱ ላይ በማርከር «አይሠራም» ብለሽ ጽፈሽ አስወግጂው።